ምራት የማትጠራው ቃል

በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ሰባተኛ ክፍል ስንማር መከራችንን ያበላችን «ሉክ» የምትል አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነበረች። «ፎር» ሲከተላት መፈለግ፣ «አፍተር» ሲከተላት መንከባከብ፣ «ኢንቱ» ሲከተላት መመርመር ትሆናለች። እኔ የጠፋ በግ ስንከባከብ፣ የታመመ ሕፃን ስፈልግ ዓመቱ አለቀ። የነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ ብወድቅም የአባቴ ሱቅ አለልኝ።

አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ከደጋው ከቡሌ የመጣችው ልጅ ግን ምንም አልነበራትም። አግብታ ነው የምትማረው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የቃል ፈተናውን ካለፈች ለድሬሰርነት፣ ለሐኪም ረዳትነት፣ ትምህርት ሊልኳት ተስፋ ሰጥተዋታል። ትርጉሙን ከሁላችንም አጥርታ ታውቃለች። አፏን ስትከፍት ግን «ሉክ» በማለት ፈንታ ሌላውን የ«ማየት» ቃል «ሲ»ን ትላለች። አስተማሪው የአዲስ አበባ ሰው ናቸውና ድርቅና መሰላቸው። «በትክክል ካላልሽው አልልክሽም» አሏት።

ምክንያቱን የነገረችኝ በእረፍት ሰዓት ነው። የባሏ አባት ስም በ«ሉ» ይጀምራል፤ ፊደሏን እንኳ ጽፋ ነው ያሳየችኝ። በጌዴኦ ወግ ደግሞ ምራት የአማቷን ስም ቀርቶ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል ከአፏ አታወጣም። «የፈረንጅ ቋንቋም ቢሆን?» አልኳት።

«አፉ ያው የኔ አይደለም?» አለችኝ።

በወጉም፣ በአስተማሪውም፣ በእንግሊዝኛውም ተናደድኩ። እኔ ደግሞ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ ሄጄ ለአስተማሪው ነገርኳቸው። «ፈተና ፈተና ነው» ብለው መለሱኝ።

በፈተናው ቀን አማቷ ከልጃቸው፣ ከባሏ፣ ሰምተው ኖሮ ከቡሌ በእግራቸው ወርደው መጡ። ከክፍሉ በር ላይ ቆመው በሚችሉት አማርኛ «ልጄ፣ እኔ ፈቅዷል። ተናገር» አሏት። ተነሳች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣትም፤ እንባዋ ብቻ ወረደ።

ሽማግሌው ጥቂት አዩዋትና ከበሩ ዞረው ሄዱ። ዝናብ ይጥላል። ግቢውን አቋርጠው፣ ከአጥሩ ማዶ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙና ሁለቱንም ጆሮዎቻቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ። እሷ በመስኮቱ አየቻቸው። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጋርዳ «ሉክ አፍተር» አለች። ሌሎቹንም ከነምሳሌያቸው አስከትላ ጨረሰች።

አስተማሪው ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ ዝናቡ ወጡ። «አባቴ፣ ጨርሳለች» ቢሏቸው ሽማግሌው አልሰሙም። አስተማሪው የሽማግሌውን መዳፎች በገዛ እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ከጆሯቸው ላይ አወረዱላቸው።