ሰባት ቤት ስንቆጥር

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነው። ሽማግሌ ወደ ጎሬ ከመላካችን በፊት አባቴ "እስቲ ቁጠር" አለኝ። በእኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በሰባቱ ውስጥ አንድ ስም ከተገናኘ ዘመድ ናችሁ ተብሎ ነገሩ ይቀራል። እኔ መቱ ቢሮ እሠራለሁ፤ ላገባት ያሰብኳት የጎሬ ልጅ ነርስ ናት። ሁለት ዓመት ስንዋደድ ስለ ቅድመ አያት አንድም ቀን አላወራንም። ምን በወጣን!

በእኔ በሦስተኛው፣ በእሷ በአራተኛው ቤት ላይ አንድ ሰው ተገኘ፤ የአባቴ አያት። "እንግዲህ ዘመድ ናችሁ" አለ አባቴ። አላዘነም፤ እንዲያውም ቀለል ያለው መሰለኝ። እውነቱን እሱም ያውቃል፣ እኔም ከልጅነቴ በሹክሹክታ ሰምቻለሁ። የእሷ ቅድመ አያት የአባቴ አያት የወለዳት ልጅ አልነበረችም። በልጅነቷ ተገዝታ የመጣች፣ ኋላ ባርነት ሲቀር "ልጄ ናት" ተብላ በጌታዋ ስም የተጠራች ሴት ነበረች። ያ ስም አሁን ለእምቢታ ጥሩ ምክንያት ሆነ። "የባሪያ ዘር አናገባም" ብሎ አፍን ከማበላሸት "ዘመዳችን ናት" ማለት ይቀላላ!

እኔስ? ዝም አልኩ። አባቴን ማሳፈር ፈራሁ፤ እሷንም ያቺን ቃል ማሰማት ፈራሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ የእኔን አፍ ግን ዝምታው ራሱ አመረረው።

"ዘመድ ናችሁ ተባልን" ብዬ ብቻ ስነግራት፣ እሷ ሄዳ ለአያቷ ነገረቻቸው። አያትየዋን ሁላችንም አኮ ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ "አባትየው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይምጣ" ብለው ላኩ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ በሚኒባስ ጎሬ ወጣን። ዝናብ ነበር። አኮ ማር አቀረቡልን። አንደኛው ሽማግሌ በለሰለሰ አነጋገር ቆጠራውን አስረዳቸው።

"ጨረስክ ልጄ?" አሉት።

"አዎ እትዬ።"

"እንግዲያው ዘመድ አይደለንም። እናቴ ተሸጣ ነው የመጣችው። ሰው ሸጧታል፣ ሰው ገዝቷታል፤ ስሙ የተሰጣት ኋላ ነው። ስሙን አክብረን ይዘን ኖረናል። ልጄን መከልከያ ግን አይሁን።"

ማን እንደገዛት አልተናገሩም። ቤታቸው የመጣን እንግዶች ነን፤ ሊያሳፍሩን አልፈለጉም። ሽማግሌዎቹ ማሩን ትኩር ብለው አዩ። አባቴ ቆቡን አወለቀ።

"ዱጋ ነው፣ እትዬ" አለ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። "የገዛት የእኔ አያት ነው። ሰው መግዛት ዛሬ አይደለም ነውር የሆነው፤ ያኔም ነውር ነበር። እኔ ደግሞ ነውሩን በዘመድነት ሸፈንኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

አባቴን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

አኮ ወደ እሱ ዞረው "ስትገዛ ስንት ዓመቷ ነበር?" ብለው ጠየቁት። "ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።"

"ዓመቱን አላውቅም። የወተት ጥርሷ ገና እየወለቀ ነበር ብላ አያቴ አጫውታኛለች።"

አኮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አባቴ ተነስቶ አጠገባቸው ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር።

ሲረጋጉ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠራርጎ "ታዲያ እትዬ፣ ልጅዎን ይሰጡናል?" አለ።

"እኔን አትጠይቁኝ" አሉ። "እናቴን ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ይቺን ጠይቋት።"

ከጓዳ ጠሯት። በእኛ ወግ ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት ተጠይቃ አታውቅም፤ ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚጀምሩ እንኳ ጠፋባቸው። እንደምንም ጠየቋት። እሷ እነሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

"ሲቆጠር እዚያው ነበርክ አይደል? ምን አልክ?"

"ዝም አልኩ" አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሁለተኛ ዝም እንዳትልብኝ" አለችኝና፣ ለሽማግሌዎቹ "እሺ" አለቻቸው።