የቱሚራህ ሳል

ቱሚራህ በዕድሜዋ አንዲት ሲጋራ በከንፈሯ ነክታ አታውቅም። ይህ ከሁሉ በፊት ይነገር፤ በኋላ ሐኪሙም ጎረቤቱም ይህንኑ ይጠይቃታልና።

ኑሮዋ ቴምፔ ነበር። አኩሪ አተሩን ትቀቅላለች፣ ትፈትጋለች፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ታሳድራለች፤ ሲበስል በብስክሌቷ ጭና ገበያ ትወርዳለች። አፏ ደግሞ ስለት ነው። «ይሄን በልቶ ባልሽ ካልሳቀ ሁለቱንም መልሺልኝ፤ ቴምፔውንም ባልሽንም!» እያለች ትሸጣለች። ሳትስቅ የምትገዛት ሴት አልነበረችም።

ባሏ ዋሲስ አናጺ ነው። እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ ገበያ ውላ ስትመለስ ብስክሌቷን ዳገቱን የሚገፋላት እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ቅርንፉድ ያለበት ክሬቴክ ሲጋራ ከአፉ አይለይም፤ ትንባሆ በሚለቀምበት በዚያ ተራራ ግርጌ ደግሞ የማያጨስ ወንድ እንደ በሽተኛ ይታያል። በሙሽርነቷ ሸሚዙን ለሽታው ብላ ትታቀፈው ነበር። ልጃቸውን ያትሚን ጆሮዋን ሲያማት፣ ዋሲስ ጭሱን ቀስ አድርጎ በጆሮዋ ይነፋላት ነበር። «ቅርንፉዱ መድኃኒት ነው» ይላል። ቱሚራህም «እንዲህ ያለ አባት የት ይገኛል!» ብላ ትመርቀዋለች። ጭሱን መርቃ አሳደገችው፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

ብርጭቆውም አለ። በዚያ መንደር ልጅ ሲወለድም ሰው ሲሞትም ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ለሞተ ሰው ሰባት ማታ ሙሉ፤ ዱዓው ሲደረግ በመካከላቸው ሲጋራ የቆመበት ብርጭቆ ይቀመጣል። ብርጭቆ ያላወጣ ሰው ሬሳውን በክብር እንዳልሸኘ ይቆጠራል። የቱሚራህ ብርጭቆ ጢም ያለ ነበር። በራሷ እጅ ነበር የምትሞላው፤ ትኮራበትም ነበር።

ሳሉ መጣ። ደረቅ ነው፤ ሁለቴ ቋ ቋ ይልና ከዚያ ትንፋሿን እየጎተተች ትስባለች። በተነሣባት ቁጥር ዋሲስ «ቡ፣ ውሃ ጠጪ» ይላታል። እሱ «ቡ» ይላታል፣ እሷ «ፓክ» ትለዋለች፤ እማዬ፣ አባዬ እንደ ማለት ነው። ውሃ ጠጣች፣ ዝንጅብል ጠጣች፤ እንደ አገሩ ሕክምና ጀርባዋን በሳንቲም አስፈገፈገች። በመጨረሻ ደም ስትተፋ ከተማ ወሰዳት።

«እማማ፣ በቀን ስንት ያጨሳሉ?» አላት ወጣቱ ሐኪም።

ቱሚራህ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባት። «እኔ? እንኳን እኔ ዶሮዎቼም አያጨሱም!»

«ታዲያ ቤት ውስጥ ማነው የሚያጨሰው?»

ዋሲስ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ላከና ፓኬቱን ሸፈነው።

ሐኪሙ አየው፤ አልተቆጣም። ሳንባዋ ላይ ያለው ካንሰር መሆኑን፣ ሌላው የሚያጨሰውን አብሮ የሚተነፍስም እንደሚታመም፣ በልጅ ደግሞ እንደሚብስ ነገራቸው። «ቤት ውስጥ ልጅ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ነበረች። ያትሚ ከተማ ፋብሪካ ስለምትሠራ ልጇን ላራስን የሚያሳድጓት እነሱ ናቸው። ቱሚራህ የራሷን ሞት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተወችው፤ ጭንቀቷ ሁሉ ላራስ ሆነች።

አውቶቡስ ውስጥ ዋሲስ «ልጅ ነው ሐኪሙ» አለ። «አባቴ ሲያጨስ ኖሮ በእርጅና ነው የሞተው።»

«አባትህስ እሺ። እናትህስ?»

እናቱ በጎልማሳነቷ እያሳለች ነበር ያረፈችው።

ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ማጨስ ጀመረ። ጭሱ ከበሩ በላይ ባለው፣ እሱው ራሱ በጠረበው የእንጨት መስኮት ይገባል።

«ውጭ ነኝ እኮ!»

«አንተማ ውጭ ነህ፤ ጭሱ ግን ቤተኛ ነው።»

ዝናቡ ሲመጣ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ላራስ ማሳል ስትጀምር ቱሚራህ የልጅቷን አልጋ ወደ ጓዳ ወሰደችና ክፍተቱን ሁሉ በጨርቅ ደፈነች። ያን ቀን አለቀሰች። በብርጭቆ እየሞላች ያቀረበችው ሁሉ ትዝ አላት።

መነሣት ሲያቅታት ባሏን አስጠራችው። «ፓክ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ስሞት ብርጭቆውን አታውጣ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«የምሞተው እኔ፣ የምትፈራው ሰው! ሰባቱን ማታ ሙሉ እዚህ ቤት ሲጨስ ላራስ የት ትግባ? ማልልኝ።»

«ወላሂ» አለ፤ እያለቀሰ ማለ። እውነቱን ነበር።

ቱሚራህ ሞተች። በመጀመሪያው ማታ ከመግሪብ በኋላ ወንዶቹ መጡ፤ ብርጭቆው ውስጥ ከረሜላ ነበር። አንዳንዱ አንሥቶ አገላብጦ መለሰው። በማግስቱ የመጣው ሰው አነሰ። በሦስተኛው ማታ ጎረቤቱ ሙንጂር ጫማውን እያጠለቀ፣ «ፓክ ዋሲስ፣ ቡ ቱሚራህ እጇ ሰፊ ነበር። እሷ ብትኖር እኛን እንደ ሕፃን በከረሜላ ትሸኘን ነበር?» አለ። ሰው ሳቀ። ዋሲስ መሐላውን ችሎ ነበር፤ ሳቁን ግን አልቻለም። ይሉኝታ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ቢቆጠር፣ እሳት ያፈረሰው ያንስ ነበር።

በአራተኛው ማታ ብርጭቆዎቹ ጢም ብለው ወጡ።

«ነይ ላራስ፣ ለእንግዶቹ አዙሪ» አለ ዋሲስ።

«ምባህ እምቢ ብላለች እኮ» አለች፤ አያቷን ማለቷ ነው።

«ለምባህ ክብር ነው የኔ ልጅ። ነይ።»

ልጅቷ አዞረች፤ ስትጨርስም ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ተቀመጠች። ዝናብ ስለነበር በሩ ተዘግቷል። ወንዶቹ ቁርኣን ቀሩላት፤ «ደግ ሴት ነበረች፣ አላህ ይማራት» እያሉ አጨሱ። ዋሲስም አንድ ለኮሰ። ሰዉ ሞልቶ ነበር፤ ፊቱ ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ።

በዱዓው መካከል ከመጋረጃው ኋላ ሳል ተሰማ። ደረቅ ነው፤ ሁለቴ ቋ ቋ አለ፤ ከዚያ የሚጎተት ትንፋሽ።

ዋሲስ ቀና ሳይል፣ እንደ ልማዱ፣ «ቡ፣ ውሃ ጠጪ» አለ።

ቂራቱ ቆመ። መጋረጃው ተገለጠና ላራስ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች። ዋሲስ ልጅቷን አያት። ከዚያ በጣቶቹ መካከል የሚነደውን አየው፤ የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ሙንጂር መተርኮሻውን ገፋ አደረገለት።