ባለሙያው እስኪያየው

መርሳ ላይ የእህል መጋዘን አለኝ። አለኝ ስል ሦስት ግድግዳ አለኝ ማለቴ ነው። አራተኛውን ፍርድ ቤት ሲጠብቅልኝ ወደቀ።

ጎረቤቴ የጋራዥ ባለቤት ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አያ እላቸዋለሁ፤ የከሰስኳቸውም በአንቱታ ነው። ከመጋዘኔ ጀርባ ፎቅ ሊሠሩ መሠረት ሲያስቆፍሩ ከግድግዳዬ ሥር ያለውን አፈር ጭምር ዝቀው አወጡት። አባቴ በድንጋይና በጭቃ ያሠራው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

«አያ፣ ጉድጓድዎ ግድግዳዬን እየጎተተው ነው» አልኳቸው።

«ግድግዳህ ድሮም ጎባጣ ነው» አሉኝ። «አባትህ ሲያሠራው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜም ተደግፎ ነው የቆመው።»

የፈለግሁት ነገር ቀላል ነበር። ክረምት ሳይገባ መሠረቱን ሞልተው ግድግዳዬን እንዲያስጠግኑልኝ ብቻ። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ከኔም ከሳቸውም ቤት ምሳ በሉ፣ ሁለታችሁም ልጆቻችን ናችሁ ብለው መርቀውን ሄዱ። ስለዚህ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰስኩ።

ዳኛው ሁለታችንን ሰማና የስንጥቁ መንስኤ በባለሙያ ይጣራ አለ። የመርሳው መሐንዲስ የአያ አማች ስለሆነ ከወልዲያ ሌላ እንዲመጣ ታዘዘ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሪፖርቱን ያቅርብ፣ ባለሙያው እስኪያየው ድረስ ግድግዳውም ጉድጓዱም እንዳለ ይቆይ ተባለ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ትእዛዙን የምናከብረው እኔና ጎረቤቴ ብቻ እንደምንሆን ማን ነገረኝ?

በቀጠሮው ቀን ባለሙያው አልመጣም። መኪና የለም ተባለ፤ ሌላ ቀጠሮ። ሥልጠና ላይ ነው ተባለ፤ ሌላ ቀጠሮ። ከወልዲያ መርሳ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ዶሮ ታቅፈው የሚሳፈሩ እናቶች እንኳ ገበያው ሳይፈታ ይደርሳሉ። ያ ሪፖርት ግን ከመንግሥት መኪና ሌላ ሲሳፈር ያጥወለውለዋል መሰለኝ። ዳኛው በበኩሉ ፋይሉን ይገልጣል፣ ቀን ይጽፋል፣ ይከድናል። «የመጨረሻ ቀጠሮ» የሚሉት ነገርም አለ። ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ቀጠሮ ነው።

ወልዲያ ድረስ ሄድኩ። በቢሮው ያገኘኋት ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «የሉም፣ መስክ ወጥተዋል» አለችኝ።

«የት ነው መስኩ?»

«መርሳ።»

እየበረርኩ ተመለስኩ። ሰውየው በእርግጥም መርሳ ነበር። የሆነ ቦይ ሲመረቅ ተገኝቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ተመልሷል። ምሳ ከበላበት ቤት በር ላይ ቆሞ አንገቱን ቢያዞር ግድግዳዬን ያየው ነበር።

በዚህ መሐል ስንጥቁን የሚያህል ጥበቃ ያለው ነገር በመርሳ አልነበረም። አያ በየማለዳው ዱላቸውን ይዘው ይመጡና እንዳልነካሁት ያረጋግጣሉ። አንድ ቀን አይጥ እየገባ ማሾዬን ሲቦጠቡጥብኝ ጊዜ ቀዳዳውን በአሮጌ ጨርቅ ወተፍኩት። በሚቀጥለው ቀጠሮ የአያ ጠበቃ ተነሥቶ «ከሳሽ ማስረጃ ነክቷል» አለ። ጨርቁ እንዲወጣ ታዘዘ። ትእዛዙን ፈጸምኩ፤ አይጦቹም ተጠቀሙበት።

ዝናቡ ማጉረምረም ሲጀምር ዳኛው በቃ፣ ባለሙያው ባይመጣም ባለው ማስረጃ እወስናለሁ ብሎ ቀን ቆረጠ። በዚያ ቀን የአያ ጠበቃ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። አንድ የግል መሐንዲስ የጻፈው አስተያየት ነው፤ ግድግዳው የተሰነጠቀው በእርጅና ነው ይላል።

ዳኛው «እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለ።

«መሐንዲሱ ሥራ በዝቶባቸው ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ግድግዳውን አይተውታል?»

«ፎቶውን አይተውታል።»

ይኼን ሰምቶ ወረቀቱን ይመልስለታል ብዬ ጠበቅሁ። ዳኛው አሰበ፣ አሰበና ለፍትሕ ሲባል ተቀብያለሁ፤ ከሳሽ መልስ እንዲሰጥበት፣ የወልዲያው ባለሙያም እንዲጠበቅ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል አለ። እጄን አወጣሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ዝናቡንም ይቅጠሩልኝ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። «ከጉዳዩ ሳይወጡ ይናገሩ» አለኝ። እኔ እንኳ ከጉዳዩ የወጣሁ አልመሰለኝም ነበር።

ያን ሳምንት እህሌን ጭኜ ሐራ ከተማ፣ የአጎቴ መጋዘን አስገባሁ። ግድግዳውን ባፈርሰው ማስረጃ አጠፋ ይሉኛል፣ ብደግፈው ነካ ይሉኛል። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከግራና ከተማ በኩል ጥቁር ደመና መጣ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ እያየሁ ግድግዳው ቀስ ብሎ፣ እንደደከመው ሰው፣ ወደ ኋላው ተኛ። የተኛው የአያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ለምሰሶ ያቆሙትን ብረት ሁሉ አጣሞ፣ ድንጋዩም ጭቃውም መሠረቱን ሞላው። ይሙሉልኝ እያልኩ ስለምን የከረምኩትን ጉድጓድ ግድግዳው ራሱ ሞላው።

ባለሙያው ከዚህ በኋላ መጣ። ጃንጥላ ይዞ፣ ጫማው እንዳይበላሽ ራቅ ብሎ ቆመና በሜትር ክምሩን ለካ። ሪፖርቱ በፍጥነት ደረሰ፤ ይኼን እንኳ አልክድም። «ግድግዳው በቦታው ባለመኖሩ የስንጥቁን መንስኤ ማወቅ አልተቻለም» ይላል። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው።

ዳኛው አነበበና አሁን ደግሞ ግድግዳው የወደቀበት ምክንያት በሌላ ባለሙያ ይጣራ አለ። እስከዚያው ፍርስራሹ እንዳይነሣ። ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ተዘጋ።

በማግሥቱ አያ ሸራ ወደወጠርኩበት መጋዘን መጡ። ዱላቸው በእጃቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ለስልሷል።

«ስማኝማ። ሠራተኞቼ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል፤ ብረቴም ውኃ ውስጥ ዝጎ ሊያልቅ ነው። እኔና አንተ ጎረቤት አይደለን? ድንጋይህን አንሣልኝና ግድግዳህን ላስገንባልህ።»

የለመንኳቸው ይኼንኑ ነበር፤ ያን ጊዜ ጠጠር ሳይወድቅ ያልቅ ነበር።

«አያ፣ ማስረጃ ልንካ?» አልኳቸው። «ጠበቃዎ ይቆጣናል።»

ከዚያ ወልዲያ ያለውን አዲሱን ባለሙያ አውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቀውም፣ ቢሮውን ግን አውቀዋለሁ አልኩ። በነጋታው አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ሒሳቡን እሳቸው ከፈሉ። ቢሮው ስንደርስ ያቺው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «የሉም፣ መስክ ወጥተዋል» አለች።

አያ የት ብለው ሊጠይቋት ሲሉ እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው።