የብርቄ ኮሶና የእኔ ፈረንሳይኛ

ገና ሳይመሽ በጅቡቲ ሰፈራችን፣ ካርቲየ 2 ውስጥ «እትዬ አልማዝን ኮሶ ይዟቸዋል» እየተባለ ነው አሉ። አልያዘኝም። «ነፍሰ ጡር ነኝ ብለው ሐኪም ቤት ቀረቡ» የሚልም ተጨምሮበታል! በሰባ ስድስት ዓመቴ! ነገሩን ከራሴ ስሙት።

ዛሬ ጠዋት ብርቄ እያለቀሰች መጣች። ራስ ዲካ ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር ልጅ ናት። ኮሶ ታይቷት፣ ከአገር ቤት የተላከላትን ዱቄት በጥብጣ ጠጥታ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ስታስመልስ አሠሪዋ አየቻት።

«ዛሬ ስነሣ ማዳም አርግዘሻል አለችኝ፣ እትዬ... እስከ ነገ ጠዋት የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ ብላኛለች!»

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ሐኪም ቤት ይዣት ወጣሁ።

የብርቄ ፈረንሳይኛ ከወጥ ቤት አያልፍም፤ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። በልጅነቴ ፈረንሳይኛ ያስተማሩኝ የፈረንጅ መነኮሳት ደግሞ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው፤ አስተርጓሚ የሰማውን ቃል በቃል ይናገራል፣ «እንዲህ አለች» እንኳ ብሎ አይጨምርም። የጨመረ በማስመሪያ ጣቱን ይመታል።

«ምንድን ነው የሚያምሽ?» አለ ዶክተሩ፣ ወጣት ጅቡቲያዊ ነው።

ብርቄ «ኮሶ ይዞኛል» አለች። እኔም በፈረንሳይኛ ጮክ ብዬ «ኮሶ ይዞኛል!» አልኩ። በሩ ክፍት ነበር... ደጅ ወረፋ የያዙት ሐበሾች አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

«ምን መድኃኒት ወሰድሽ?»

«ኮሶ።»

ትሉም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ! ቃል በቃል፣ ሁለቱንም «ትል» ብዬ ተረጎምኩት።

«ትሉን ለማከም ትል ዋጥሽ?» ብሎ አፈጠጠ። «ነፍሰ ጡር ነሽ?»

«ኧረ በማርያም! አላረገዝኩም!»

«አላረገዝኩም!» አልኩ እኔም። ዶክተሩ ሽበቴን አይቶ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ለመሆኑ ከሁለታችሁ የታመመችው የትኛዋ ናት?»

ወደ ብርቄ ጠቆምኩ። ሽንቷ ተመረመረ፤ እርግዝና የለም። ቀጥሎ «ጥሬ ሥጋ የት በላሽ?» አላት።

ብርቄ አቀረቀረች። በቀስታ «እርስዎ ቤት» አለች።

እኔም ሳላስብ ለዶክተሩ «እርስዎ ቤት!» አልኩት።

«እኔ ቤት?!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

ብርቄ እጄን ያዘች። «ለእርስዎ ነው ያልኩት፣ እትዬ... የልጅ ልጅዎ ክርስትና ዕለት፣ ቁርጡን በእጅዎ አጉርሰውኝ...»

ደነገጥኩ። ያን ጊዜ የመነኮሳቱን ሕግ ጥዬ በራሴ አፍ ተናገርኩ። «እኔ ቤት ነው፣ ዶክተር። ያጎረስኳትም እኔው ነኝ።»

ሥቆ ሲያበቃ ኮስተር አለ። «ያን ዕለት ስንት ሰው በላ?»

መቼ ቆጠርኩ! ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። «ሁሉም ይመርመሩ» አለ። «ሥጋው በደንብ ካልበሰለ ነገም ሌላ ሰው ትሉ ይይዘዋል።»

ብርቄ ክኒኗን ዋጠች፤ «ነፍሰ ጡር አይደለችም፣ መሥራት ትችላለች» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀትም ተሰጣት። በደስታ ልዘል ምን ቀረኝ!

ነገ መጀመሪያ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከብርቄ ጋር ማዳም በር እቆማለሁ፤ ወረቀቱን አንብባ ልጅቷን እስክታስገባ ድረስ ንቅንቅ አልልም። ቀጥዬ ለክርስትናው የመጡትን ሁሉ እየደወልኩ ወደ ምርመራ እሰዳለሁ። ከዚያ ለእሑድ ማኅበራችን የታሰበው ቁርጥ ቀርቶ ጥብስ መሆኑን አስታውቃለሁ... ይህኛው ነው የከበደኝ፤ ባለቤቴ ቢላዋቸውን ከአሁኑ ስለው አስቀምጠዋል።