የአባቴ ሳጥንና የእናቴ ጀሪካን

አባቴ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ዕቃ ሳያልቅ ማዘዝ ልማዱ ነው። ጎፋ የነበረው ቤታችንም ከዚህ ልማድ አልዳነም። ሬዲዮ ስለ ጦርነት ባወራ ቁጥር አልጋ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን ጎትቶ ይፈትሻል፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጨው፣ ክብሪት። አጠገቡ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውኃ ይቀመጣል። ውኃውን በየወሩ የምትቀይረው እናቴ ናት። በሶው በዓመት ይታደሳል፤ አሮጌውን የምንጨርሰው እኛ ነን። በሶ እስከ ዛሬ አልወድም።

እናቴ ደግሞ ወር በገባ በአምስት መካኒሳ አቦን ሳትሳለም አትውልም።

«ያላየሽውን ትለምኛለሽ» ይላታል አባቴ።

«አንተስ ያላየኸውን ትፈራ የለም» ትለዋለች።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበርና የአባቴ ወገን ነበርኩ። በሶ ይሰፈራል፣ ጸሎት አይሰፈርም እል ነበር። በዚያ ዕድሜዬ የማላውቀው ነገር አልነበረም።

በዚያው ዓመት የአቦ ማኅበር ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ዕለቱ እሑድ ነው። ጠላው ደርሷል፤ የቀበሌው ሱቅ ዓርብ ይመጣል ያለው የዳቦ ዱቄት ግን ዓርብም ቅዳሜም አልመጣም። ጎረቤቱም ያንኑ ዱቄት ይጠብቃል። ማኅበርተኞቹ ሊመጡ ሁለት ሰዓት ሲቀር እናቴ ባዶውን መሶብ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። እንግዳ ጠርቶ ባዶ መሶብ ማቅረብ ለእሷ ከሞት አይሻልም።

«አቦ አያሳፍሩኝም» አለች። የመሶቡን ጨርቅ ግን ደጋግማ ታስተካክላለች፤ አንጀቴን በላችው።

አባቴ ጥቂት ተንጎራደደና ሳጥኑን ጎትቶ ከፈተው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ለክፉ ቀን ነው» አልኩት።

«እናትሽን አታያትም? ከዚህ የባሰ ምን ክፉ ቀን አለ?»

እጅጌውን ሰብስቦ በሶውን ራሱ አሸው። ዳቦ ቆሎው በሰፌድ ተዘረገፈ። እኔም ብርጭቆ ላለቃልቅ ጀሪካኑን አነሳሁ።

«ተዪው» አለች እናቴ እጄን ይዛ። «በሱ ዕቃ አይታጠብም። ጠበል ነው።»

አባቴ በበሶ የተለወሰ እጁን እንዳንጠለጠለ ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ውኃውን ቀይሪ ካልከኝ ጀምሮ።»

ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። አባቴ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እናቴ ልትኮሳተር ሞክራ አልሆነላትም፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማኅበርተኞቹ በሶውን አመስግነው በሉ። በዕድሜ የገፉት ሴት አባቴን «ክፉ ቀን አያሳይህ» ብለው መረቁት። ጮክ ብሎ «አሜን» አለ።

ሲሄዱ እናቴ «አቦ አያሳፍሩኝም አላልኩህም?» አለችው።

«በሶውን የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«እንድትገዛ ያደረገህስ ማን ነው?»

በሚቀጥለው ወር በአምስት ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ፣ ጀሪካኑን አጥቦ በር ላይ ጠበቃት።

«ሞልተሽ አምጪው» አላት። «ጎዶሎ ነገር ለክፉ ቀን አይሆንም።»