ባዶዋን የማይስቧት ጠመንጃ

ሶዶ መርካቶ አጠገብ በነበረው የጋሽ ዳና ሱቅ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ደርግ ወድቆ፣ የነበርኩበት ጦር ተበትኖ ወደ ቤተሰቤ ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። በጦሩ ውስጥ የመሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ፤ ማዕረጌ አስር አለቃ። ክላሽ ዓይኔን በጨርቅ ታስሬ ፈትቼ እገጥም ነበር። ስለዚህ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ልቀጠር ስሄድ እኔ ሰውየውን እረዳለሁ እንጂ እሳቸው እኔን ያስተምሩኛል ብዬ አላሰብኩም።

ጋሽ ዳና ሰዓት፣ የልብስ ስፌት መኪናና የጽሕፈት መኪና ይጠግኑ ነበር። ፈቃድ ያለው ሰው ጠመንጃ ሲያመጣም ይሠራሉ። የጥገና ፈቃዳቸው በመስታወት ተደርጎ ከግድግዳ ሰዓቶቹ በላይ ተሰቅሏል። ሰዓቶቹ አንዱ ከአንዱ ጋር ተስማምተው አያውቁም፤ ፈቃዱ ግን ቀጥ ብሎ ነው የተሰቀለው።

«እስቲ እጅህን ልየው» አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። ገለባብጠው አዩት።

«ወፍራም ነው። ግን አይንቀጠቀጥም። ተቀመጥ፣ አስር አለቃ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አስር አለቃ ሆኖ ቀረ። ሚስቴ እንኳ ስትናደድ በማዕረጌ ነው የምትጠራኝ።

ረፋዱ ላይ አቶ ላሊሶ መጡ። የሻንቶ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን የማያወልቁ። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡና እንደ ቁስል ፋሻ ዙር በዙር ፈቱት። ውስጡ ያለው እጅግ ትንሽ ጠመንጃ ነበር። ሰደፏ ተወልውሎ ያበራል። እኔ ሳያት የልጅ መጫወቻ መስላኝ ሳቅ አመለጠኝ።

«ሙሽሪት ትባላለች» አሉ አቶ ላሊሶ፣ ሳቄን እንዳልሰሙ ሆነው። «አባቴ እናቴን ያገባ ዓመት ነው የገዛት። መርፌዋ ተሰብሮ ዓመታት ሆነው። አሁን ጡረታ ወጣሁ፣ ጊዜ አለኝ፤ አስተኩሱልኝ።»

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ጠመንጃዎች ከሙሽሪት ጋር አራት ነበሯቸው። አንዷን ወደ አገሩ ሊገባ ከተነሳ ጣሊያን መካኒክ ገዙ። ሁለተኛዋን ኦቶና አካባቢ ይኖር የነበረ ፈረንጅ ሲሄድ ሸጠላቸው። ሦስተኛዋን ዱቦ አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት የበር መወርወሪያ ሆና አገኟት፤ በምትኳ ጥሩ የጥድ እንጨት ሰጥተው ወሰዷት። የእያንዳንዷን ታሪክ ለመስማት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሻንቶ ላይ ስላለቀ ሶዶ ድረስ መጥተው ለእኛ ነበር የሚያወሩት።

ጋሽ ዳና መዝጊያዋን አውጥተው አሳዩኝ። «የክላሽ ጥይት ቂጡ መሃል ላይ ነው የሚመታው። የዚች ጥይት ግን ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ነገር በቂጡ ጠርዝ ውስጥ ነው ያለው። መርፌዋም ጠርዙን ነው የምትመታው። አዲስ መርፌ ሞርደህ ሥራላት» አሉኝ።

ከአሮጌ የትራፓኖ መሰርሰሪያ ጫፍ አንድ መርፌ ቆረጥኩ። ሞርሳ ላይ አስሬ በቀጭን ሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሠራሁት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨርሼ ገጠምኩ። መዝጊያዋን ሳልከፍት የመርፌዋን ጭራ ከኋላ በጣቴ እየጎተትኩ ሁለት ጊዜ ቃታዋን ሳብኩ፤ «ቀጭ» አለች። ጋሽ ዳና ካጎነበሱበት ሰዓት ቀና ብለው «ባዶዋን አትሳባት!» አሉና ለምሳ ወጡ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የመሣሪያ ጠጋኝ አስር አለቃ ጠይቆ ያውቃል?

በጦሩ ደንብ መሣሪያ የሚሞከረው በመሳብ ነው። ደግሞም የድምጿ ነገር ጣፈጠኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግኩ ግድግዳው ላይ ባሉት ሰዓቶች አነጣጠርኩ፤ ሁሉንም ገደልኳቸው። አርባ ጊዜ ያህል ሳልስባት አልቀረሁም። ሲሰለቸኝ የጋሽ ዳናን ማጉያ መነጽር ዓይኔ ላይ አድርጌ ጥይቱ የሚገባበትን ቀዳዳ አየሁ። ጠርዙ ላይ በጥፍር የተጫኑት የሚመስል ስርጉዳት አለ። የእኔ መርፌ የምትመታው ጥይት ስታጣ ብረቱን ስትበላ ውላለች።

ጋሽ ዳና ሲመለሱ «ስንት ጊዜ ሳብካት?» አሉ።

«ሁለት ጊዜ ብቻ» አልኩ።

አመኑኝ። አቶ ላሊሶ አመስግነው፣ «ጋላታይስ» እያሉ፣ ሙሽሪትን በጋቢያቸው ጠቅልለው ሄዱ። እኔም የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን በዚህ ሁኔታ ፈጸምኩ።

አቶ ላሊሶ ወደዱኝ። ይኼ ነው ጉዱ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሻንቶ ይጠሩኝ ጀመር። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከእንሰቱ ማዶ ጎርፍ የቆረጠው ረጅም የአፈር ግድግዳ አለ። እሱ ላይ የለስላሳ ቆርኪ በምስማር እንመታና በተራ እንተኩሳለን። ጥይቷ የምታሰማው የጅራፍ ያህል እንኳ አይሆንም። ቆርኪ ለመታ ሰው ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው ያቀርቡለታል፤ የሳተም ይበላል፣ ግን እየተሰደበ።

በዚያ አካባቢ አንድ ደንብ ነበር። ጠመንጃ የሚቀበል ሰው አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ቃታውን ሦስት ጊዜ ይስባል። ባዶ መሆኗን ለተሰበሰበው ሰው ማሰማቱ ነው። ሳያጮህ የተቀበለ ባለቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። የሌሎቹ ሦስት ጠመንጃዎች መርፌ አጭር ስለሆነ የቀዳዳውን ብረት አይነካም፤ ምንም አይሆኑም። ሙሽሪትም መርፌዋ ተሰብሮ በነበረ ጊዜ ምንም አልሆነችም። አሁን ግን የእኔን ረጅም መርፌ ይዛለች። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ቀስ በቀስ ሙሽሪት ጥይት ማክሸፍ ጀመረች። «ጥይቱ አርጅቶ ነው» ይላሉ አቶ ላሊሶ። ቦዬዬን እያኘክሁ «ሳይሆን አይቀርም» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ራሴን በጣም ጠላሁት። ግን አልተናገርኩም።

ክረምቱ ሲያበቃ በየቀበሌው የመሣሪያ ምዝገባ ተነገረ። መዝጋቢ ኮሚቴው ሻንቶ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነው። በኮሚቴው ፊት የተኮሰ ጠመንጃ ለሰብል ጥበቃ ፈቃድ ያገኛል። ያልተኮሰ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል፤ የገባ አይወጣም።

አቶ ላሊሶ በማግስቱ ሱቁ ድረስ መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣቸውን አውልቀው አየኋቸው። «ሦስቱ ይሠራሉ። ሙሽሪት ግን ከአምስት ጥይት ሁለቱን ታከሽፋለች። ሦስቱን ውሰዱና እሷን ተዉልኝ ብላቸው አይሰሙኝም። አዲስ ጥይት ከየት ላምጣ?» አሉ።

«ጥይቱ አይደለም» አልኩ። አፌ ራሱ ነው የተናገረው። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ዳና ማጉያቸውን ከዓይናቸው አወረዱ።

«ሁለት ጊዜ ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«ሁለቱ እርስዎ እያዩ ነው። የቀረው ምሳ ላይ ነበርሁ... ማለቴ እርስዎ ምሳ ላይ ነበሩ።»

«ስንት?»

«አርባ ይሆናል።»

አቶ ላሊሶ ወደ ጋሽ ዳና ዞሩ። «ይኼ ልጅ» አሉ፣ «ክላሽ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ፣ የኔን ሙሽራ ዓይኑን ገልጦ ማየት አቃተው?» ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ሐሙስ ላይ ትተኩሳለች ወይ? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ጋሽ ዳና አላባረሩኝም። «ያበላሸ ይሥራው» ብለው ከአሮጌ የመኪና ቫልቭ ሾጣጣ ብረት አስቆረጡኝ። እንደ መስታወት እስኪያበራ አስወለወሉኝ። እሱን በዘይት ነክሮ ወደ ቀዳዳው እያስገቡ በትንሽ መዶሻ መታ፣ ዞር፣ መታ፣ ዞር። የተሰረጎደው ብረት በፀጉር ልክ እየተገፋ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከበዛ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጠመንጃዋም ያልቅላታል። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መርፌዋንም በመጠኑ አሳጠርኩ።

«ከዚህ በላይ አታሳጥራት» አሉ ጋሽ ዳና። «መዝጊያዋ በዕድሜ ላልቷል፤ ጥይቱ ጋ አትደርስም። አሁን ትሠራለች። ግን ያ ጠርዝ ደክሟል። ባዶዋን ደጋግሞ የሳባት ሰው ካለ እንደገና ጉድጓድ ነው።»

ሁለታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው። የኮሚቴው አባላት አምስት ናቸው። አምስት በሦስት አሥራ አምስት ቀጭታ። የመንግሥት ሰው ደግሞ «ባዶዋን አትሳብ» አይባልም፤ ምን ደብቀህ ነው ይልሃል።

መላው የመጣልኝ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ነው። የጥርስ ብሩሼን እጀታ ቆርጬ በጥይቷ ልክ ሞረድኩት። ጠርዝም አወጣሁለት። ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ መርፌዋ ላስቲኩን ትመታለች እንጂ ብረቱን አትነካም። ድምጿም ያው ቀጭ ነው። ጋሽ ዳና አይተው «እንግዲህ አፍህ ይሸታል» አሉኝ። ከሳቸው አፍ ይኼ ምስጋና ነው።

ሐሙስ ሻንቶ ደረስን። ኮሚቴው ከዋርካ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቷል። ሰብሳቢው ከሶዶ የመጣ ሳጅን ነው፤ አጠገቡ ጸሐፊው፣ ሁለት የቀበሌ ሰዎችና አንድ ወፍራም ሽማግሌ። ሦስቱ ጠመንጃዎች ያለ ችግር አለፉ። የሙሽሪት ተራ ደረሰ። ላስቲኳ ውስጧ ናት። ሳጅኑ ተቀብሎ አፈሙዟን ወደ ሰማይ አደረገ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ለጸሐፊው ሰጠ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በጣቴ እየቆጠርኩ አሥራ አምስት ሞላ። አቶ ላሊሶ እጄን ጨበጡኝ።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። መዝጊያው ሲከፈት በውስጡ ያለው ይወጣል። ሳጅኑ ቁጥሯን ሊያነብ ከሽማግሌው ወስዶ መዝጊያዋን ሳብ ሲያደርግ ላስቲኳ ተስፈንጥራ ጸሐፊው መዝገብ ላይ አረፈች።

«ጥይት ነበረው!» ብሎ ጸሐፊው ጠረጴዛው ሥር ገባ። የቀበሌ ሰዎቹ ከዋርካው ጀርባ ሆኑ። ሽማግሌው ለመነሳት ሞክረው አልቻሉም፤ ያሉበት ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሳጅኑ ብቻ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ጠቁሮ «የጎረሰ መሣሪያ ነው የሰጣችሁኝ?» አለ።

«ጌታዬ፣ የጥርስ ብሩሽ ነው» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ዐረፍተ ነገር ያሳፈረችኝ የለም።

አነሳት፤ በጥርሱ ነከስ አድርጎ አየ። ለምን እንደሠራኋት፣ አርባውን ቀጭታ ሳይቀር፣ ቆሜ አስረዳሁት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ታዲያ ይቺ ጠመንጃ ጥርስ ትቦርሻለች እንዴ?» አሉ። ዋርካው ሥር የነበረው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊው ከጠረጴዛው ሥር ሲወጣ ደግሞ ሳቁ እንደገና ተነሳ። ሳጅኑ ራሱ አፉን በእጁ ሸፈነ። «በል ትተኩስ፤ ካልተኮሰች ብሩሹም ግምጃ ቤት ይገባል» አለ።

አቶ ላሊሶ ጥይት ከሚያኖሩባት የወተት ዱቄት ጣሳ አንድ አወጡ። ሃያ አምስት እርምጃ ርቆ ካለ የአፈር ግድግዳ ላይ ቆርኪ በምስማር ተመቷል። አነጣጥረው ሳቡ። ቀጭ። ምንም የለም።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ።

«እንዳይከፍቱት!» ብዬ ጮህኩ። የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና አፈሙዙ ወደ ግድግዳው እንደዞረ እስከ ሠላሳ ቆጠርን። ከዚያ ሄጄ መዝጊያዋን ከፈትኩ። ጠርዙ ላይ የመርፌዋ ምልክት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጠመንጃዋ ሥራዋን ሠርታለች። ጥይቱ በዚያ በኩል ደክሟል ማለት ነው። ግማሽ ዙር አዙሬ መለስኩት። የጠርዝ ጥይት ጥሩነቱ ይኼ ነው፤ በአንዱ ጎኑ እምቢ ካለ በሌላው ይጠየቃል።

«ይሳቡ፣ አቶ ላሊሶ።»

ጠሽ አለች። ቆርኪው ከነምስማሩ ጠፋ።

«ትሠራለች፤ ጻፍ» አለ ሳጅኑ። አቶ ላሊሶ አለቀሱ፣ ሳቁም፤ ባርኔጣቸውን የት እንደጣሉት ስንፈልግ አመሸን።

ስንለያይ ሙሽሪትን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። «አንተ ዘንድ ትሰንብት፤ ዘይት ቀባልኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ቀጭታውን ይጠብቃል። እኔ መዝጊያዋን ከፍቼ ቀዳዳውን በዓይኔ አየሁ፣ ትንሿን ጣቴንም አስገብቼ ዳሰስኩ፣ ዘጋሁ። አንድ ሰው «አላጮኸም!» ብሎ አጉረመረመ። አቶ ላሊሶ «ተዉት፣ አሁን ማየት ተምሯል» አሉ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ጋሽ ዳና ካረፉ ወዲህ ፈቃዱን የምወለውለው እኔ ነበርኩ። አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ ያቺን የተበሳሳች የብሩሽ ቁራጭ አሳየው ነበር፤ አሁንም ከመነጽሬ ጋር አስቀምጫታለሁ። ባዶ መሆኑን ለማወቅ ከፍቶ ማየት ይበቃል። ያበላሹትን ደግሞ ደንበኛው ከበር ሳይወጣ መናገር ነው።