በሊጥ የተመረገው ሮኬት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሶሊያና ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ የብስክሌት መንፊያና አንድ ቡሽ ታቅፋ መጣችና እግሬ ሥር ዘረገፈችው። ሦስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ልጆቹን ሮኬት ያሠራቸዋል፤ እስከ ግማሹ ውሃ፣ ከላይ አየር፣ አፉ ላይ ቡሽ፣ ከዚያ መንፋት ነው።

"እማማ፣ በቃ ቡሹን ያዢልኝ። ማለቴ... እንዳትጫኚው! ላላ ማለት አለበት" አለችኝ።

ቡሹን በሁለት ጣቴ ያዝኩላት። ላንቻ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ልቤ ግን ካዛንቺስ ሄዶ ነበር።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ካዛንቺስ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ልጃቸው ትርሲት አሥር ዓመቷ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ፣ ቀን ምሳዋን ይዤላት እሄዳለሁ። መንገዱ ቁልቁል ወደ ቂርቆስ ነው፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ በጥቅምት ደግሞ ፀሐይዋ ጀርባ ላይ ደስ ስትል! የምሳ ዕቃው ፍርፍር ሙቀቱ በጨርቁ አልፎ ሆዴን ያሞቀኝ ነበር። እኔ እንኳን ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው፣ እሱም እንደነገሩ።

ትርሲት ስትናገር ምላሷ ይያዝ ነበር። ከእኔ ጋር ልብስ ስናሰጣ እንደ ልቧ ታወራለች፤ ትምህርት ቤት ግን አፏን አትከፍትም። ልጆቹ "ተብታቢት" ይሏታል። ታዲያ አንድ ወጣት አስተማሪ መጣና ክፍሉን ሮኬት ማሠራት ጀመረ። ከባዶ የበረኪና ፕላስቲክ ነው የሚሠራው፤ ቡሹ መሃል የኳስ መንፊያ መርፌ ይሰካበታል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሮኬት፣ ተማሪው ሁሉ ባለበት፣ ከአምስት ወደ ኋላ ቆጥሮ ያስወነጭፋል ተባለ።

ሮኬቱ አላስጨነቃትም፤ ቆጠራው ነው እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ ስናጥብ "አምስት፣ አራት፣ ሦስት" እያልን በልብሱ ምት ተለማመድን። በመጨረሻ ምንም ሳትደናቀፍ እስከ አንድ ቆጥራ ስትጨርስ አረፋ በአረፋ ሆና አቀፈችኝ።

"ደብሬ፣ ነገ ካ... ካልኩት እኮ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማ... ማንም አይስቅብኝም" አለችኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ግቢው ውስጥ ስንሞክረው በቡሹ ጥግ አየር ፊው እያለ ሲወጣ አየሁ። ትርሲት "አስተማሪው ላላ ይበል ብሏል" አለችኝ። እኔ ግን አረቄ አውጪ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። ማሰሮውና መቃው የሚገጥሙበትን ቦታ በሊጥ መምረግ ከልጅነቴ የእኔ ሥራ ነበር። እናቴ በትንሽ ቀዳዳ እንፋሎት ካመለጠ እጄን በማማሰያ ትለኝ ነበር። አረቄ አውጥቶ የማያውቅ አስተማሪ ስለ ትንፋሽ ምን ያውቃል አልኩ።

ጠዋት ትርሲት ሳትነሳ ተነሳሁ። ውሃውን አስተማሪው ባሰመረው ልክ ሞላሁ። ቡሹን በጨርቅ ጠቅልዬ በዘነዘናው መታ መታ አደረግሁት፤ ዙሪያውን በሊጥ መረግሁና ከምድጃው ራቅ አድርጌ አደረቅሁት። በላዩ ትርሲት የሠራችለትን ነጭ የወረቀት ቀሚስ ሳለብሰው ምንም አይታይም። ስጦታ መሆኑ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

በምሳ ሰዓት ምሳ ዕቃዬን ይዤ ከሽቦው አጥር ውጭ ቆምኩ። የመጀመሪያው ልጅ ቆጠረ፤ ፕላስቲኩ ውሃውን እየረጨ ወደ ሰማይ ሲሄድ ቡሹ መሬት ላይ ቀረ። ያኔ ገባኝ። ለካ ቡሹ ማምለጥ አለበት።

ከትርሲት በፊት ሦስት ልጆች ነበሩ። ወደ በሩ ሮጥኩ።

"አባባ፣ በማርያም፣ አንዴ ያስገቡኝ!" አልኳቸው ዘበኛውን።

"ምሳ ነው? እዚህ አስቀምጪ።"

"ምሳ አይደለም፣ ቡሹ ነው! ቡሹ ተመርጓል!"

"ምኑ? አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ሰልፍ ላይ ናቸው፣ ዞር በይ!"

ወደ አጥሩ ተመለስኩ። "ትርሲት! ቡሹን ንቀዪው!" ብዬ ጮህኩ፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ማን ይስማኝ። ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ተራዋ ደረሰ። አስተማሪው ነፋ። እሷም እጇን ከጎኗ አድርጋ፣ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ወዝወዝ እያለች ቆጠረች። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። አንዴም አልተያዘችም።

ሮኬቱ ንቅንቅ አላለም።

አስተማሪው ደጋግሞ ነፋ፤ ላቡን ጠረገና "አይዞሽ፣ እስቲ እንደገና ቁጠሪ" አላት።

"አምስት... አ... አ... አ..."

"ሮኬቱም ተብታባ ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በዚያው ፕላስቲኩ በጎኑ ተሰነጠቀና ውሃው ዩኒፎርሟን ከወገቧ በታች አራሰው። የተባለውን አልጽፈውም። ልጆች ምን እንደሚሉ ይታወቃል።

ስንመለስ እርጥቡን ዩኒፎርሟን በደብተር ቦርሳዋ ሸፍና አቀበቱን ጨረሰች። ፍርፍሩ አልተነካም። የቤታችን በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ደብሬ፣ እኔ ስ... ስለቆጠርኩት ነው አይደል እምቢ ያለው?"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እትዬ አስካለ ቢሰሙ በማግስቱ ወደ እናቴ እንደሚመልሱኝ አሰብኩና "አይ፣ ዕድል ነው" አልኳት። ዕድል! እስክሄድ ድረስ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖርኩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ እቤትም ቢሆን ጭንቅላቷን በመነቅነቅ ነበር የምትመልሰው። እኔም ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አገባሁ።

ሰሞኑን ካዛንቺስ ሄጄ ነበር። ቤቱ የለም፣ ሰፈሩም የለም፤ ሰፊ አስፋልትና አዲስ የተተከሉ አበቦች ናቸው ያሉት። አንዲት ቆሎ ሻጭ ስለ እትዬ አስካለ ልጅ ጠየቅኳት። "እማማ፣ እዚህ የነበረው ሰው እኮ ሁሉም ወደየፊናው ተበትኗል" አለችኝ።

ሶሊያና ከአምስት ወደ ኋላ ቆጥራ ሮኬቷ ቅዳሜውኑ ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ በላይ ሄደ። የግቢው ልጆች ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጡ። እኔ የማየው ግን የቆጠረችውን ልጅ አፍ ነበር።

ትርሲት አምስቱንም ቁጥር ጥርት አድርጋ ብላው ነበር። ሰው ሁሉ ሮኬቱን ሲያይ እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። ይህን የሚነግራት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።